የትኛውን ዩኒቨርሲቲ እንደግፍ? በዋሽንግተን ዙሪያ ያሉ አምስት የአሜሪካን ፉትቦል ፕሮግራሞች ሲነጻጸሩ

በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያ ወይም በዲሲ የሚኖር የሀበሻ ቤተሰብ ስለ አሜሪካን ፉትቦል በቁም ነገር ማሰብ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ልጁ ከትምህርት ቤት መጥቶ «እኛ የማን ደጋፊ ነን?» ብሎ ሲጠይቅ ነው። አዲስ አበባ ቢሆን መልሱ ከአባት ወይም ከሰፈር ይወረሳል፤ ጊዮርጊስ ወይም ቡና ይባልና ነገሩ ያበቃል። እዚህ ግን የሚወረስ ነገር ስለሌለ መምረጥ የግድ ይሆናል። የፕሮፌሽናሉ ሊግ በአብዛኛው እሑድ ስለሚጫወት ከቅዳሴ፣ ከክርስትናና ከለቅሶ ቤት ጋር ይጋጫል። ዩኒቨርሲቲዎች የሚጫወቱት ግን በአብዛኛው ቅዳሜ በመሆኑ ለኑሯችን ይመቻል፤ የውድድሩ ወቅትም ከእንቁጣጣሽ ሰሞን ተነሥቶ ጾመ ነቢያት እስኪገባ ድረስ ይዘልቃል።

አስቸጋሪው ነገር ምርጫው ነው። ከዋሽንግተን በመኪና ሊደረስባቸው የሚችሉት ፕሮግራሞች ስለ ታሪካቸው ሲጽፉ «ሻምፒዮን» የሚለውን ቃል በልዩ ልዩ ትርጉም ስለሚጠቀሙበት፣ አዲስ ደጋፊ የአንዱን ዋንጫ ከሌላው ዋንጫ ጋር ማመዛዘን ይቸገራል። በዚህ ጽሑፍ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ፣ የአናፖሊሱ የባሕር ኃይል አካዳሚ፣ ሃዋርድ፣ ቨርጂኒያ ቴክ እና ጄምስ ማዲሰን ይነጻጸራሉ። «ፕሮግራም» ሲባል ሜዳ ላይ የሚታየው ቡድን ብቻ እንዳልሆነ አስቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል፤ አሠልጣኙ፣ የነጻ ትምህርት ዕድሉ፣ ስታዲየሙ፣ የሙዚቃ ጓዱ፣ የቀድሞ ተማሪዎቹና ትምህርት ቤቱ የሚወዳደርበት ኮንፈረንስ (እርስ በርስ የሚጋጠሙ ትምህርት ቤቶች ማኅበር) በአንድነት የሚጠሩበት ስም ነው። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በምን እንመዝናቸው?

የመጀመሪያው መስፈርት «ዋንጫውን ማን ሰጠው?» የሚለው ጥያቄ ነው። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ፉትቦል ከ1869 ጀምሮ ሲካሄድ የኖረ ቢሆንም፣ በላይኛው እርከን ብሔራዊ ሻምፒዮኑ ለረጅም ዘመን የሚለየው በሜዳ ላይ ፍጻሜ አልነበረም። ከ1936 ጀምሮ የአሶሺየትድ ፕሬስ ጋዜጠኞች፣ ከ1950 ጀምሮ ደግሞ አሠልጣኞች ድምፅ እየሰጡ ቡድኖቹን በደረጃ ያስቀምጡ ነበር፤ ሻምፒዮን የሚባለውም በደረጃው አናት ላይ የተገኘው ነው። አንደኛውና ሁለተኛው ቡድን በፍጻሜ እንዲገናኙ የተደረገው ከ1998 የውድድር ዘመን ጀምሮ ሲሆን፣ የአራት ቡድኖች ጥሎ ማለፍ በ2014 ተጀምሮ በ2024 ወደ 12 ቡድኖች ሰፍቷል። ስለዚህ አንድ ፕሮግራም «ብሔራዊ ሻምፒዮን ነኝ» ሲል በድምፅ፣ በስሌት ወይስ በሜዳ የሚለውን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሁለተኛው እርከኑ ነው። ኤፍ ቢ ኤስ የሚባለው የላይኛው እርከን ብዙ ገንዘብና ትልልቅ ስታዲየሞች ያሉበት ሲሆን፣ ኤፍ ሲ ኤስ የሚባለው ተከታዩ እርከን ከ1978 ጀምሮ የራሱን ሻምፒዮን በጥሎ ማለፍ ይለያል። በታችኛው እርከን የተገኘ ዋንጫ ክብሩ ያነሰ መስሎ ቢታይም፣ ከላይኛው እርከን የድሮ ዋንጫዎች ይልቅ በሜዳ የተረጋገጠ መሆኑ አይካድም።

ሦስተኛው ቀጣይነት ነው፤ አንድ ጊዜ ብልጭ ብሎ የጠፋ ቡድንና ለሃያ ዓመት በየዓመቱ የታየ ቡድን አንድ አይደሉም። አራተኛው ፕሮግራሙ ተጫዋቹን የሚይዝበት መንገድ ነው። አምስተኛው፣ ለብዙዎቻችንም ወሳኙ፣ ርቀቱና ወጪው ነው። የትኬት ዋጋ እንደ ተጋጣሚው ስለሚለዋወጥ በዚህ ጽሑፍ አኀዝ ከመስጠት ይልቅ አንዱን ከሌላው አንጻር መግለጽ ይሻላል።

ሜሪላንድ፦ ሕግ የነሣውን ሕግ የመለሰለት

ኮሌጅ ፓርክ የሚገኘው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን የፉትቦል ቡድኑን ያሰለፈው በ1892 ነው። የፕሮግራሙ ወርቃማ ዘመን ጂም ቴተም ያሠለጠነበት ከ1947 እስከ 1955 ያለው ጊዜ ሲሆን፣ ከላይ የተነሣውን የ«ሻምፒዮን» ውዥንብር ለመረዳት ከዚህ ዘመን የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል። በ1951 ሜሪላንድ አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ ወደ ሹገር ቦውል (ቦውል የሚባለው ለተመረጡ ቡድኖች በውድድሩ ወቅት መጨረሻ የሚዘጋጅ ጨዋታ ነው) ሄዶ በጋዜጠኞቹ ድምፅ አንደኛ የነበረውን ቴነሲን 28 ለ 13 ረታ። ይሁን እንጂ በዚያን ዘመን የመጨረሻው ድምፅ የሚሰጠው ከቦውል ጨዋታዎች በፊት ስለነበር፣ የተሸነፈው ቴነሲ ሻምፒዮንነቱን ይዞ ቀረ። ከሁለት ዓመት በኋላ ነገሩ ተገለበጠ፤ በ1953 ሜሪላንድ በጋዜጠኞቹም በአሠልጣኞቹም ድምፅ አንደኛ ተብሎ ካበቃ በኋላ በኦሬንጅ ቦውል በኦክላሆማ 7 ለ 0 ተሸነፈ፤ ዋንጫው ግን ከእጁ አልወጣም። የዩኒቨርሲቲው ዋና ኩራት የሆነው የ1953 ማዕረግ የተገኘው በ1951 ከበደለው ሕግ መሆኑ ነው።

ለእንደኛ ዓይነት አንባቢ ከዚህ ታሪክ ጎን ሊነበብ የሚገባው ሌላ ገጽ አለ። የ1953ቱ ቡድን ነጮች ብቻ የተሰለፉበት ነበር። በአትላንቲክ ኮስት ኮንፈረንስ ውስጥ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች የሆነው የዲሲው ተወላጅ ዳሪል ሂል ለሜሪላንድ የተሰለፈው በ1963 ሲሆን፣ ወደ ኮሌጅ ፓርክ የመጣውም የባሕር ኃይል አካዳሚን ትቶ ነው። በ1950 የተከፈተው ስታዲየም ለዘመናት የቀድሞውን አሠልጣኝና የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት የበርድን ስም ተሸክሞ ከኖረ በኋላ፣ ሰውየው የዘር መለያየት ደጋፊ ስለነበር ስሙ በ2015 መጨረሻ ተነሥቷል።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ከፍና ዝቅ የበዛበት ነው። ራንዲ ኋይት በ1974 የመስመር ተከላካዮችን ትልልቅ ሽልማቶች ጠቅልሎ ወሰደ። በ1984 ቡድኑ ማያሚን በማያሚ ሜዳ ሲገጥም 31 ለ 0 እየተመራ ለዕረፍት ወጥቶ፣ ፍራንክ ራይክ የተባለው ተቀያሪ ኳርተርባክ (የቡድኑን ማጥቃት የሚመራው ተጫዋች) ከገባ በኋላ 42 ለ 40 አሸነፈ፤ በወቅቱ በላይኛው እርከን ታሪክ ከዚህ የሚበልጥ የውጤት ግልበጣ አልነበረም። በ2001 በራልፍ ፍሪጀን ዘመን የኮንፈረንሱን ዋንጫ አነሣ። በ2012 የስፖርት ክፍሉ የገንዘብ ጉድለት ሰባት ቡድኖችን እስከ መዝጋት ባደረሰው ጊዜ ዩኒቨርሲቲው ከመሥራቾቹ አንዱ የነበረበትን ኮንፈረንስ ትቶ ወደ ቢግ ቴን ለመግባት ወሰነ፤ ከ2014 ጀምሮም በዚያ ይወዳደራል። ለመውጣት ብቻ 31.4 ሚሊዮን ዶላር አስከፍሎታል። ገንዘቡ በቴሌቪዥን ድርሻ ተመለሰ፤ ድሉ ግን እንደ ገንዘቡ አልመጣም። እስከ 2024 ድረስ በቢግ ቴን ውስጥ ካደረጋቸው ጨዋታዎች ከግማሽ በላይ ያሸነፈበት አንድም የውድድር ዘመን የለም። ከ2021 እስከ 2023 በተከታታይ ሦስት የቦውል ጨዋታዎች ማሸነፉ ግን መጠቀስ ያለበት ውጤት ነው።

ለተመልካች ያለው ጥቅም ግልጽ ነው፦ ኦሃዮ ስቴት፣ ሚሺገን ወይም ፔን ስቴት ወደ ሰፈርዎ ይመጣሉ። በእነዚህ ቀናት ትኬቱ ይወደዳል፤ ከስታዲየሙም እኩሌታው የእንግዳው ቡድን ደጋፊ የሚመስልበት ጊዜ ብዙ ነው። በሜትሮ አረንጓዴው መስመር ይደረሳል፤ ነገር ግን ጣቢያው ከግቢው በስተምሥራቅ ጫፍ ስለሆነ ከልጆች ጋር ረጅም የእግር መንገድ አለው።

የባሕር ኃይል አካዳሚ፦ ሥርዓቱ ከውጤቱ የሚበልጥበት

የአናፖሊሱ ፕሮግራም ከ1879 ጀምሮ ያለ ሲሆን፣ ብሔራዊ ሻምፒዮንነት የሚጠይቀው ለ1926 ነው። በዚያ ዓመት ቡድኑ ዘጠኝ አሸንፎ ከአርሚ (ከምድር ጦር አካዳሚው ቡድን) ጋር ቺካጎ ላይ 21 ለ 21 አቻ ወጥቶ ነበር። ማዕረጉን የሰጡት ግን ቆየት ብለው ወደ ኋላ እየቆጠሩ ስሌት የሠሩ ሰዎች ናቸው፤ በዚያው ዓመት አላባማና ስታንፎርድም ሻምፒዮን ነን ይላሉ። በመጀመሪያው መስፈርት ሲመዘን ይህ ማዕረግ ቀላል ነው።

የአካዳሚው እውነተኛ ክብደት ያለው በሌላ ቦታ ነው። የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች የሚሸለመውን ሃይዝማን ሁለት ልጆቹ ወስደዋል፦ ጆ ቤሊኖ በ1960፣ ሮጀር ስቶባክ በ1963። ስቶባክ ቡድኑን በአገሪቱ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ካደረሰ በኋላ ወዲያው ወደ ፕሮፌሽናሉ ሊግ አልገባም፤ የውትድርና ግዳጁን፣ ቬትናምንም ጨምሮ፣ ፈጽሞ ነው በ1969 ዳላስ የደረሰው። በቅርቡ ዘመን ደግሞ ኪናን ሬይኖልድስ ከ2012 እስከ 2015 በሩጫ ብቻ 88 ተችዳውን (ኳሷን የተጋጣሚው መጨረሻ መስመር ድረስ በማድረስ የሚገኝ ነጥብ) አስቆጥሮ የላይኛውን እርከን ክብረ ወሰን ይዟል። ቡድኑ ከ2002 እስከ 2015 አርሚን 14 ጊዜ በተከታታይ አሸንፏል፤ በ2007 ኖትር ዳምን በሦስተኛው ተጨማሪ ጊዜ 46 ለ 44 ሲረታ፣ ለ43 ዓመታት በተከታታይ የተሸነፈበት ታሪክ ተዘጋ። በ2024 አሥር ጨዋታ አሸንፎ ዓመቱን የዘጋው ኦክላሆማን 21 ለ 20 በመርታት ነው።

የአጨዋወቱ ምሥጢር ሊገለጽ ይገባል፤ ምክንያቱም አዲስ ተመልካች ከሚረዳቸው ጥቂት ዘዴዎች አንዱ ነው። ኳርተርባኩ ኳሷን ተቀብሎ ሲንቀሳቀስ ሦስት ምርጫ አለው፦ በመሐል ለሚያልፈው ሯጭ ማቀበል፣ ራሱ ይዞ መሮጥ፣ ወይም ከጎኑ ለሚከተለው ጓደኛ መወርወር። ከሦስቱ አንዱን የሚመርጠው ሆን ተብሎ ያልተያዘውን አንድ ተከላካይ እግር እያየ ነው። የአካዳሚው ተጫዋቾች በኋላ በመርከብና በአውሮፕላን ውስጥ የሚሠሩ መኮንኖች ስለሚሆኑ እንደ ሌሎቹ 150 ኪሎ የሚመዝን የመስመር ተጫዋች በብዛት ማሰለፍ አይችሉም፤ ይህ ዘዴ ጉልበትን በውሳኔ ፍጥነት ይተካል። በቅርብ ዓመታት የአየር ላይ ቅብብልም ተጨምሮበታል።

ስታዲየሙ በ1959 የተከፈተ ሲሆን 34,000 ሰው ይይዛል። በሜዳው ዙሪያ ሚድዌይ፣ ኢዎ ጂማ፣ ጓዳልካናል እያሉ የጦርነት ስሞች በትልልቅ ፊደል ተጽፈዋል። ከጨዋታው በፊት ዕጩ መኮንኖቹ በነጭ ወይም በጥቁር የደንብ ልብስ ከከተማው ተሰልፈው እየዘመቱ ይገባሉ፤ ልጆች ጨዋታውን ቢረሱ እንኳ ይህን አይረሱትም። ከአርሚ ጋር በሚደረገው ጨዋታ ደግሞ ሁለቱም ቡድኖች መጨረሻ ላይ አብረው ይቆሙና የተሸናፊው ትምህርት ቤት መዝሙር አስቀድሞ፣ የአሸናፊው ኋላ ይዘመራል። ተጫዋቾቹ «ሁለተኛ እንዘምር» የሚሉት ማሸነፍን ነው።

ትኬት ገዢ ሊያውቀው የሚገባ ጉዳይ፦ በ1890 የተጀመረው ይህ የአርሚ ጨዋታ አናፖሊስ ላይ አይደረግም። በታኅሣሥ ወር በሌላ ከተማ፣ ብዙ ጊዜም በፊላደልፊያ፣ ስለሚካሄድ የዓመት ትኬት የገዛ ሰው ያንን ጨዋታ በሜዳው አገኛለሁ ብሎ እንዳይጠብቅ። የአየር ኃይል አካዳሚ ግን በየሁለት ዓመቱ ወደ አናፖሊስ ይመጣል።

ሃዋርድ፦ ለቤታችን የቀረበው

ሃዋርድ በ1867 የተመሠረተ፣ የጥቁር አሜሪካውያን ታሪካዊ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከእኛ ጋር ያለው ዝምድና ከስታዲየሙ በብዙ ይቀድማል፤ በ1930ዎቹ ዶክተር መላኩ በያን ሕክምና የተማሩት እዚሁ ነበር። ዛሬም ከግቢው በእግር ወደ ደቡብ ለወረደ ሰው፣ በዘጠነኛው ጎዳናና በዩ ስትሪት አካባቢ የአማርኛ ማስታወቂያ የለጠፉ ምግብ ቤቶች ይቀበሉታል። ከጨዋታ በኋላ ክትፎ በእግር የሚደረስበት ሌላ ስታዲየም በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም።

በውጤት ረገድ ሃዋርድ በኤፍ ሲ ኤስ እርከን፣ ሜአክ በሚባለው ኮንፈረንስ ይወዳደራል። ታላቁ ዓመት 1993 ነው። በስቲቭ ዊልሰን አሠልጣኝነትና በኳርተርባክ ጄይ ዎከር መሪነት ቡድኑ የመደበኛውን ውድድር 11 ጨዋታ አሸንፎ አንድም ሳይሸነፍ ጨርሶ የጥቁር ዩኒቨርሲቲዎች ብሔራዊ ሻምፒዮን ተባለ፤ በእርከኑ ጥሎ ማለፍ ግን በመጀመሪያው ዙር በማርሻል ተሸነፈ። ዎከር በኋላ የሜሪላንድ ምክር ቤት አባል ሆኗል፤ ስለዚህ የፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ነዋሪ የሆነ ሐበሻ የዚህን ኳርተርባክ ስም በምርጫ ወረቀት ላይ አይቶት ሊሆን ይችላል። በ1996ም ያው ማዕረግ ተደግሟል። እዚህ ላይ የ«ጥቁር ዩኒቨርሲቲዎች ሻምፒዮን» የሚለውን ማዕረግ ዝቅ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው፤ የደቡብ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ጥቁር ተጫዋች በማያሰልፉበት ዘመን እጅግ ብዙ ድንቅ ተጫዋቾች የሚገኙት በእነዚህ ትምህርት ቤቶች ስለነበር ማዕረጉ ከዚያ ታሪክ የወጣ ነው።

በመስከረም 2017 መጀመሪያ ሃዋርድ ወደ ላስ ቬጋስ ሄዶ ከላይኛው እርከን የሚወዳደረውን የኔቫዳ ላስ ቬጋስን ቡድን ገጠመ። እንዲህ ያለ ጨዋታ ትልቁ ትምህርት ቤት ለትንሹ ገንዘብ ከፍሎ የሚያስመጣውና አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ድል የሚያገኝበት ነው። አወራራጆች ሃዋርድ በ45 ነጥብ ይሸነፋል ብለው ነበር። ኬይሊን ኒውተን የተባለው ወጣት ኳርተርባክ ግን ቡድኑን መርቶ 43 ለ 40 አሸነፉ፤ በነጥብ ግምት ሲለካ በዩኒቨርሲቲ ፉትቦል ታሪክ ትልቁ ያልተጠበቀ ድል ተብሎ ተመዘገበ። በ2022 የኮንፈረንሱን ዋንጫ ተጋርቶ፣ በ2023 ደግሞ ኮንፈረንሱን ወክሎ አትላንታ ላይ በተደረገው የሴሌብሬሽን ቦውል ተሰልፎ በፍሎሪዳ ኤ ኤንድ ኤም 30 ለ 26 ተሸንፏል።

ቀጣይነት የጎደለው መሆኑ አይካድም፤ በመልካሞቹ ዓመታት መካከል ያሉት ድርቆች ረጃጅም ናቸው። ስታዲየሙ ትንሽ ነው፤ ትልቅ ቴሌቪዥን የለመደ ሰው መጀመሪያ ላይ ይህ ነው እንዴ ሊል ይችላል። ነገር ግን ትንሽነቱ ጥቅምም አለው፤ ከመስመሩ ጥቂት እርምጃ ላይ ተቀምጠው የትከሻ መከላከያ ሲጋጭ የሚሰማውን ድምፅ፣ አሠልጣኙ ስም ጠርቶ ሲቆጣ፣ ከበሮው ሲጀምር አግዳሚው ሲንቀጠቀጥ ይሰማሉ። በዕረፍት ሰዓት ሰው ለመጠጥ ከመውጣት ይልቅ የሙዚቃ ጓዱን ለማየት ወደ ውስጥ ይገባል። ሜትሮውም በዩኒቨርሲቲው ስም የተጠራ ጣቢያ አለው።

ቨርጂኒያ ቴክና ጄምስ ማዲሰን፦ ሩቆቹ

በቀጣይነት መስፈርት ብቻ ቢሆን ቨርጂኒያ ቴክ ከሁሉም ይቀድማል። ፍራንክ ቢመር በ1987 አሠልጣኝ ሆኖ ሲመጣ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት መራር ነበሩ፤ በ1992 ቡድኑ ያሸነፈው ሁለት ጨዋታ ብቻ ነው። ዛሬ ቢሆን አሠልጣኙ ይባረር ነበር። ትምህርት ቤቱ ታገሠውና ከ1993 እስከ 2015 ድረስ በተከታታይ 23 ዓመት ለቦውል በቃ፤ 238 ድል ለዩኒቨርሲቲው አስመዘገበ። በ1999 ማይክል ቪክ የመራው ቡድን አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ እስከ ብሔራዊ ፍጻሜው ደርሶ በፍሎሪዳ ስቴት 46 ለ 29 ተረታ። ብሔራዊ ዋንጫ የለውም፤ በአትላንቲክ ኮስት ኮንፈረንስ ያሸነፋቸው ዋንጫዎች ግን (2004፣ 2007፣ 2008 እና 2010) በሜዳ የተገኙ ናቸው። የተከላካዮቹ ምልክት የድሮ የቆርቆሮ ምሳ ዕቃ ነው፤ በየሳምንቱ ጠንክሮ ለሠራ ተጫዋች ተሰጥቶ ሜዳ ድረስ ይዞት ይመጣል። ምሳ ዕቃ ይዞ ወደ ሥራ የሚሄድ ሰው ልጅ ለሆነ ሁሉ ይህ ምልክት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ችግሩ ብላክስበርግ ከዲሲ ከአራት ሰዓት በላይ የሚነዳበት መሆኑ ነው። ከ65,000 ሰው በላይ በሚይዘው ስታዲየም አጠገብ በጨዋታ ቀን የሆቴል ክፍል ማግኘትም ትኬት ከማግኘት ይከብዳል። ከ2015 በኋላም ፕሮግራሙ የቀድሞ ደረጃውን መልሶ አላገኘም።

ጄምስ ማዲሰን ደግሞ ገና በ1972 የጀመረ ወጣት ነው። በኤፍ ሲ ኤስ ጥሎ ማለፍ በ2004 እና በ2016 ሻምፒዮን ሆኗል፤ በሁለተኛው ጊዜ አምስት ዓመት በተከታታይ ሻምፒዮን የነበረውን ኖርዝ ዳኮታ ስቴትን በራሱ ሜዳ ከውድድር ያስወጣው እሱ ነው። በ2022 ወደ ላይኛው እርከን አድጎ በ2023 አሥራ አንድ ጨዋታ አሸነፈ። በሜዳ ላይ የተገኘ ዋንጫ ብቻ ይቆጠር የሚል ሰው ከአምስቱ መካከል ንጹሕ ብሔራዊ ማዕረግ ያለው ይህ ፕሮግራም ብቻ መሆኑን ሲያይ ይገረም ይሆናል። ሃሪሰንበርግ ከዲሲ ሁለት ሰዓት ያህል ይርቃል፤ የትኬቱ ወጪም መካከለኛ ነው።

ሁሉም በአንድ ሠንጠረዥ

| ፕሮግራም | እርከንና ኮንፈረንስ | ትልቁ ውጤት | የተገኘበት መንገድ | ዋና ጉድለት | ከዲሲ | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ሜሪላንድ | ኤፍ ቢ ኤስ፣ ቢግ ቴን | ብሔራዊ ማዕረግ 1953 | ድምፅ | በቢግ ቴን ደካማ ውጤት | በሜትሮ | እንደ ተጋጣሚው፣ ከዝቅተኛ እስከ ከፍተኛ |
| ባሕር ኃይል | ኤፍ ቢ ኤስ፣ አሜሪካን | ሁለት ሃይዝማን፣ 1926 | ስሌት (1926) | የአርሚ ጨዋታ በሜዳው የለም | አንድ ሰዓት ገደማ | መካከለኛ |
| ሃዋርድ | ኤፍ ሲ ኤስ፣ ሜአክ | 1993 እና 1996፣ የ2017 ድል | የጥቁር ዩኒቨርሲቲዎች ማዕረግ | ቀጣይነት | ከተማው ውስጥ | ዝቅተኛ |
| ቨርጂኒያ ቴክ | ኤፍ ቢ ኤስ፣ አትላንቲክ ኮስት | 23 ተከታታይ የቦውል ዓመታት | ሜዳ | ብሔራዊ ዋንጫ የለውም | ከአራት ሰዓት በላይ | ከፍተኛ፣ ሆቴል ያስፈልጋል |
| ጄምስ ማዲሰን | ኤፍ ቢ ኤስ፣ ሰን ቤልት | 2004 እና 2016 | ጥሎ ማለፍ (ኤፍ ሲ ኤስ) | አጭር ታሪክ | ሁለት ሰዓት ገደማ | መካከለኛ |

ማን ምን ይምረጥ?

ትንንሽ ልጆች ያሉት፣ በጀቱ የተወሰነ ቤተሰብ ሃዋርድን ቢይዝ አይቆጭም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት እንደሚባለው፣ በዓመት አራትና አምስት ጊዜ በአካል የሚያዩት ቡድን በቴሌቪዥን ብቻ ከሚያዩት ኃያል ይልቅ በልጅ ልብ ውስጥ ይገባል። በዚህ ላይ በዓመት አንድ ጊዜ አናፖሊስን መጨመር የእኔ ምርጫ ነው፤ በተለይ አየር ኃይል በሚመጣበት ዓመት ትኬቱን አስቀድሞ መግዛት ይበጃል።

አገር ያወቃቸውን ትልልቅ ቡድኖች ማየት የሚፈልግ ወጣት ከሜሪላንድ የዓመት ትኬት ይልቅ የአንድ ትልቅ ጨዋታ ትኬት ብቻ ቢገዛ ገንዘቡን በደንብ ይጠቀምበታል። ቨርጂኒያ ቴክን መደገፍ ትርጉም የሚኖረው ልጅ ወይም ዘመድ እዚያ ሲማር ነው፤ ያኔ ግን ከአምስቱ ሁሉ የጋለው ድባብ የዚያ ነው። ማሸነፍን ብቻ የሚወድና ሁለት ሰዓት መንዳት የማይከብደው ወደ ጄምስ ማዲሰን ይሂድ።

ስለ ቦርሳ አንድ ነገር ልጨምር። አንዱ ስታዲየም በር ላይ ድፎ ዳቦ በጨርቅ ከረጢት ይዤ ቀርቤ እስከ መኪናዬ ተመልሻለሁ፤ በአብዛኞቹ ትልልቅ ስታዲየሞች የሚፈቀደው ውስጡ የሚታይ የፕላስቲክ ቦርሳ ነው፣ ምግብም ከውጭ አይገባም። ዳቦው ከጨዋታው በፊት በመኪና ማቆሚያው ይቆረስ።

የመጨረሻው ጉዳይ ልጁ ራሱ የሚጫወትለትን ወላጅ የሚመለከት ሲሆን፣ እዚህ ላይ መስፈርቱ ይለወጣል። እስከ 2024–25 የትምህርት ዘመን ድረስ የላይኛው እርከን ፕሮግራም ለ85 ተጫዋቾች ሙሉ ስኮላርሺፕ መስጠት ሲችል፣ ኤፍ ሲ ኤስ ለሚባለው የተፈቀደው 63 ብቻ ነበር፤ ያም ለብዙ ልጆች ተከፋፍሎ ይሰጥ ነበር። ከ2025 ክረምት ጀምሮ አዲሱን የፍርድ ቤት ስምምነት በተቀበሉ ትምህርት ቤቶች ይህ ገደብ ቀርቶ በ105 ተጫዋቾች ጣሪያ ተተክቷል። ስለዚህ «ስኮላርሺፕ ሰጥተናል» የሚል አሠልጣኝ ሲደውል ሙሉ ነው ወይስ ከፊል፣ ለአንድ ዓመት ነው ወይስ እስከ ምረቃ የሚለውን በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የባሕር ኃይል አካዳሚ ክፍያ የለውም፤ ነገር ግን የአሜሪካ ዜግነት፣ ከምክር ቤት አባል ወይም ከሌላ ባለ ሥልጣን የሚሰጥ ዕጩነትና ከምረቃ በኋላ ቢያንስ የአምስት ዓመት አገልግሎት ይጠይቃል። በግሪን ካርድ ብቻ ያለ ልጅ ዜግነቱ ሳይደርስ መግባት ስለማይችል፣ የወላጅ የዜግነት ማመልከቻ የሚገባበት ጊዜ ከልጁ የሩጫ ፍጥነት እኩል ሊወስን ይችላል።

ጤናውም አለ። በ2018 በሜሪላንድ አንድ የ19 ዓመት ተጫዋች በልምምድ ላይ በሙቀት ተመትቶ ከሁለት ሳምንት ያህል በኋላ ሞቷል፤ የውጭ መርማሪዎች ባቀረቡት ሪፖርት ገላውን በፍጥነት በበረዶ ውኃ የማቀዝቀዝ እርምጃ እንዳልተወሰደ ገልጸዋል፣ ዩኒቨርሲቲውም የሕግና የሞራል ኃላፊነቱን በይፋ ተቀብሏል። አሠልጣኙም በዚያው ዓመት ተሰናብቷል። ለዚህ ነው ግቢውን ለማየት ለጉብኝት የሚጋበዝ ወላጅ የዋንጫ ክፍሉን አይቶ ከመመለስ ይልቅ ወደ ልምምድ ሜዳው ወርዶ የበረዶ ውኃ ገንዳው የት እንደሚቀመጥ፣ በነሐሴ ሙቀት ልምምድ እንዲቆም የማዘዝ ሥልጣን የአሠልጣኙ ነው ወይስ የሕክምና ባለሙያው፣ ጭንቅላቱን የተመታ ተጫዋች ወደ ሜዳ እንዲመለስ የሚፈቅደውም ማን እንደሆነ መጠየቅ ያለበት።